ደንበኛው ከሩቅ በሚመጣባት ከተማ፦ የጅቡቲ ትንንሽ ንግዶችና የጉግል ፍለጋ

ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ዳጎስ ያለ ገንዘብ ይዞ ወደ አንድ ንግድ ቤት የሚገባው ሰው ብዙ ጊዜ የከተማዋ ነዋሪ አይደለም። የአገሪቱ ሕዝብ በጠቅላላ አንድ ሚሊዮን ገደማ ነው፤ ከኢትዮጵያ የወጪና ገቢ ንግድ ግን አብዛኛው፣ በተለምዶ 90 በመቶ ያህል እንደሆነ የሚነገረው፣ የሚያልፈው በወደቦቿ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የተመረቀው የዶራሌ ሁለገብ ወደብ፣ በ2018 መጀመሪያ መደበኛ አገልግሎት የጀመረው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር፣ የፈረንሳይ፣ የአሜሪካ፣ የጃፓንና የቻይና የጦር ሰፈሮች፣ በቀዝቃዛው ወራት በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ዌል ሻርክ የተባለውን ግዙፍ ዓሣ የሚመለከቱ ቱሪስቶች፣ ሁሉም ሰፈሩን የማያውቅ ደንበኛ ያመጣሉ። አዲስ አበባ ያለ አስመጪ ትራንዚተር ሲፈልግ፣ የጋላፊን ድንበር የተሻገረ ሾፌር ጎማ ቤት ሲያስፈልገው፣ የሚጠይቀው ስልኩን ነው። ስለዚህ ጉግል ላይ መገኘት ለዚህች ከተማ ትንሽ ንግድ የገበያ ጉዳይ ነው። የሚገኝበትም መንገድ ብዙዎች እንደሚፈሩት የቴክኒክ ምስጢር አይደለም፤ እንግዳ ደንበኛ ከመምጣቱ በፊት ለሚያነሳው ጥያቄ፣ እሱ በሚጠይቅበት ቋንቋ፣ መልሱን በትክክል ጽፎ ማስቀመጥ ነው።

የፍለጋ ሞተር የአንድን ገጽ ጽሑፍ ይለቅማል፣ ርዕሱን ያያል፣ ሌሎች ድረ ገጾች ወደሱ ሊንክ ማድረግ አለማድረጋቸውን ይመዝናል። ላሪ ፔጅና ሰርጌይ ብሪን በ1998 ጉግልን ያቆሙት በዚሁ የሊንክ ሚዛን ላይ ነበር። ሰዎችም ሚዛኑን ለማጭበርበር ብዙ ደከሙ፤ በገጹ ስውር ክፍል ቁልፍ ቃላት ይደረድሩ፣ ሊንክ በገንዘብ ይገዙ ነበር። ጉግል በ2009 ስውር የቁልፍ ቃል ዝርዝሩን ለደረጃ እንደማይጠቀምበት በይፋ ተናገረ፤ በ2012 ደግሞ የሊንክ ማጭበርበርን ዒላማ ያደረገ ለውጥ አውጥቶ ብዙ ገጾችን ወደ ታች ጣለ። ዛሬ ለአካባቢ ፍለጋ የሚጠቅሳቸው መመዘኛዎች ሦስት ናቸው፦ ንግዱ ከጥያቄው ጋር መዛመዱ፣ ከፈላጊው ያለው ርቀት፣ ታዋቂነቱ። ርቀቱን ማንም አይቀይረውም፤ መዛመዱ ግን በባለቤቱ እጅ ነው። አንድ አስጎብኚ የገጹን ርዕስ «እንኳን ደህና መጡ» ብሎ ቢተወው ጉግል ምን እንደሚሸጥ አያውቅለትም። «የአንድ ቀን ጉዞ ከጅቡቲ ከተማ ወደ አሳል ሐይቅ፦ ዋጋ፣ መነሻ ሰዓት፣ ምሳ» ቢለው ግን የሚፈልገው ሰው ያገኘዋል። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በታች 155 ሜትር ገደማ ላይ መሆኑን ማንኛውም ገጽ ይነግረዋል፤ መኪናው ስንት ሰዓት እንደሚነሳና ጨው ላይ ለመራመድ ምን ዓይነት ጫማ እንደሚያስፈልግ የሚነግረው ግን አስጎብኚው ነው።

አድራሻ ላይ ስንደርስ ችግሩ ይበልጥ ይጎላል። በከተማዋ በድርጅቶች ወረቀትና ድረ ገጽ ግርጌ የተለመደው የፖስታ ሣጥን ቁጥርና ስልክ ነው። ለደብዳቤ ይበቃል፤ ለካርታ ግን አይሆንም፣ ጉግልም የፖስታ ሣጥንን እንደ ንግድ አድራሻ አይቀበልም። ሰው አቅጣጫ የሚጠቁመው ደግሞ በመስጊድ፣ በአደባባይ፣ በኪሎ ሜትር ነው፤ የኢትዮጵያ የጭነት መኪኖች የሚያርፉበት ፒኬ 12 ስሙን ያገኘው ከመሐል ከተማ ባለው ርቀት ነው። የምኒልክ አደባባይም ይፋ ስሙ የ27 ጁን 1977 አደባባይ ስለሆነ ፈላጊው የትኛውን እንደሚጽፍ አይታወቅም። መፍትሔው ካርታው ላይ ትክክለኛውን ነጥብ ማስቀመጥና በጽሑፉ ውስጥ ሁለቱንም ስም መጥራት ነው። የሥራ ሰዓትም እንደዚሁ ነው። በጅቡቲ የሳምንቱ ዕረፍት ዓርብና ቅዳሜ ነው፤ ብዙ ሱቆች በቀትር ሙቀት ዘግተው ወደ ማታ ይከፍታሉ፤ በረመዳን ደግሞ ሰዓቱ ይለወጣል። ይህን በጉግል የንግድ መገለጫው ላይ በየፈረቃው ያልሞላ ሰው፣ በሙቀት መጥቶ የተዘጋ በር ያገኘው ደንበኛ አንድ ኮከብ ቢሰጠው ሊገርመው አይገባም።

ቋንቋው ሌላው ሰፊ ክፍተት ነው። ፈረንሳይኛና ዐረብኛ የመንግሥት ቋንቋዎች በመሆናቸው ገጹ በፈረንሳይኛ ብቻ መጻፉ የተለመደ ነው፤ ከደንበኞቹ ብዙዎቹ የሚፈልጉት ግን በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ ነው። ለየቋንቋው ራሱን የቻለ ገጽ መሥራት፣ የትኛው ለየትኛው ቋንቋ እንደሆነም ለጉግል የሚያመለክተውን ኮድ ማስገባት ያስፈልጋል። በማሽን አስተርጉሞ ማንም ሳያነበው ገጽ ማብዛት ግን አደጋ አለው፤ ጉግል በመጋቢት 2024 ባጠበቀው ደንብ ደረጃ ለማግኘት ተብሎ በጅምላ የተመረተ ይዘት እንደ አይፈለጌ ይዘት (ስፓም) ይቆጠራል። አማርኛውን የሚያውቅ ሰው ካየው ማሽን የማያያቸውን ነገሮች ያያል። «2 ሰዓት እንከፍታለን» የሚለውን የኢትዮጵያ ሾፌር ጠዋት ብሎ ይረዳዋል፤ ጸሐፊው ከቀትር በኋላ ማለቱ ከነበረ ስድስት ሰዓት ሙሉ ተላልፈዋል። ፈላጊው «ጅቡቲ» ወይም «ጂቡቲ»፣ «ዓሣ» ወይም «አሳ» ብሎ ሊጽፍ ስለሚችል፣ የተለመደውን አጻጻፍ በርዕሱ ላይ፣ ሌላውን በጽሑፉ ውስጥ አንድ ቦታ ማስገባት አይጎዳም።

ዋጋና ፎቶም ትኩረት ይሻሉ። የከተማዋ የየመን ዓሣ ቤቶች ዓሣውን ለሁለት ሰንጥቀው በምድጃ ጠብሰው ከትልቅ ቂጣ ጋር ያቀርባሉ፤ አንዱ ቤት የምግብ ዝርዝሩን በፎቶ ብቻ ቢለጥፈው ጉግል ከምስል ይልቅ ጽሑፍን በተሻለ ስለሚያነብ ምግቡ በፍለጋ የመውጣት ዕድሉ ይቀንሳል። ዋጋ እንዳይጻፍ የሚሰጠው ምክንያት «ይለዋወጣል» የሚል ነው፤ የጅቡቲ ፍራንክ ግን ከ1973 ጀምሮ 1 ዶላር በ177.721 ፍራንክ ተቆርጦ የቆየ ነው። ብር በሐምሌ 2024 በገበያ እንዲተመን ከተለቀቀ በኋላ ሒሳቡ የተናጋበት ኢትዮጵያዊ ደንበኛም በፍራንክ የተጻፈ ዋጋ ካየ ቁርጡን ያውቃል። ፎቶዎቹም ቀለል ማለት አለባቸው። ጉግል በ2023 መጨረሻ ላይ ድረ ገጾችን በዋናነት በስልክ ገጽታቸው ወደ ማንበብ መሸጋገሩን አጠናቋል፤ ዋናው ይዘት በ2.5 ሰከንድ ውስጥ እንዲታይም ይመክራል። በመንገድ ላይ ኔትወርክ ለሚቆራረጥበት ሾፌር ግዙፍ ፎቶ የጫነ ገጽ እንደሌለ ይቆጠራል።

«ደንበኛዬ በሰው በሰው ነው የሚመጣው፣ ፌስቡክና ዋትስአፕ ይበቃኛል» የሚለው ተቃውሞ ክብደት አለው። መተማመን በሚያሠራው የትራንዚት ሥራ ምስክርነት ከማንኛውም ማስታወቂያ ይበልጣል። ነገር ግን በዋትስአፕ ቡድን የተጻፈ መልስ ቡድኑ ውስጥ ይቀራል፤ ማንንም የማያውቀው አዲስ አስመጪ አይደርስበትም። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 4 ቀን 2021 ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ ለስድስት ሰዓት ያህል ሲቋረጡ፣ ሌላ አድራሻ ያልነበረው ንግድ በዚያ ሰዓት ከደንበኛው ተቆርጦ ነበር። ደግሞም የንግዱን ስም በሰው የሰማ ደንበኛ ከመደወሉ በፊት ያንኑ ስም ጉግል ላይ መፈለጉ አይቀርም፤ ምስክርነቱ ራሱ በፍለጋ ይጸናል።

«የመጀመሪያውን ገጽ ታላላቆቹ የሆቴልና የጉዞ ድረ ገጾች ይዘውታል» የሚለውም እውነት ነው። «ሆቴል በጅቡቲ» በሚለው ሰፊ ጥያቄ ከነሱ ጋር መፎካከር ገንዘብ ማባከን ነው። ጠባብ ጥያቄ ላይ ግን የአካባቢው ሰው ይበረታል፤ ለምሳሌ ከናጋድ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ማደሪያ የሚፈልግ ሰው ጥያቄው ውስን ነው፣ መልሱንም በዝርዝር የሚያውቀው ባለቤቱ ነው። አዲሱ ስጋት ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። ጉግል በግንቦት 2024 በአሜሪካ መልሱን አጠቃልሎ ከውጤቶቹ በላይ ማቅረብ ከጀመረ ወዲህ አንባቢው ገጹን ሳይከፍት ሊመለስ ይችላል። ይህ በአንባቢ ቁጥር የሚኖረውን ይጎዳል፤ ጎማ ቤቱ ግን የሚኖረው በሚመጡለት መኪኖች ነው። ማጠቃለያውም የሚቀዳው ከተጻፈ ነገር ስለሆነ፣ ባለቤቱ ያልጻፈውን ሌላ ሰው በግምት ይጽፍለታል።

ይህ ሥራ ለሁሉም ንግድ ግን አይደለም። ደንበኛው ከዚያው ጎዳና ለሆነ የባልባላ ሰፈር ሱቅ የካርታ ምልክት ይበቃዋል። «አንደኛ አደርግሃለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ባለሙያም ሊታመን አይገባም፤ ጉግል ራሱ አንደኛ ደረጃን ማንም ዋስትና ሊሰጥ እንደማይችል ይናገራል፤ ውጤት ለማየትም ብዙውን ጊዜ ከ4 ወር እስከ አንድ ዓመት ይወስዳል። ኮዱን የሚያስተካክል ሰው በክፍያ ይገኛል። ደንበኛ ደውሎ ምን እንደሚጠይቅ የሚያውቀው ግን ስልኩን የሚያነሳው ሠራተኛ ነው። ስለዚህ ሥራው መጀመር ያለበት ከእሱ ጠረጴዛ ነው፤ ለአንድ ወር የተጠየቀውን ሁሉ ይመዝግብ፣ ተደጋግመው የመጡትም ጥያቄዎች ከነመልሳቸው ገጹ ላይ ይውጡ። ለዚህ የሚወጣው ወጪ አንድ ደብተር ነው፤ ባለሙያው የሚከፈለው ከዚያ በኋላ ነው።