ሳዳትን ኢየሩሳሌም ያደረሰው እምነት

ስለ አገር መሪዎች እምነትና ድፍረት ሲነሳ አብዛኞቻችን ቶሎ የምናስበው የጦር ሜዳን ነው። ለእኔ ግን ሁለቱ እንዴት እንደሚደጋገፉ፣ እንዴትም እንደሚጣረሱ ይበልጥ የሚያሳየኝ የግብፁ ፕሬዚዳንት የአንዋር ሳዳት ታሪክ ነው (ዘመናቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ሳዳት በ1973 ጦራቸውን የስዊዝን ቦይ አሻግረው እስራኤልን የወጉ ሰው ናቸው። ከአራት ዓመት በኋላ፣ ኖቬምበር 9 ቀን 1977፣ ለሰላም ሲባል የእስራኤል ምክር ቤት ድረስ ለመሄድ ዝግጁ መሆናቸውን ለአገራቸው ምክር ቤት ተናገሩ። አዳራሹ አጨበጨበ፤ ያሲር አራፋትም በቦታው ነበሩ። ንግግር ማሳመሪያ ነው ብሎ ያለፈው ብዙ ነው። ነገር ግን በአሥረኛው ቀን የፕሬዚዳንቱ አውሮፕላን ቤን ጉሪዮን አረፈ። ሁለቱ አገሮች ገና በጦርነት ላይ እንዳሉ ነበር የሚቆጠረው። የገዛ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትራቸው ኢስማኢል ፋህሚ ከጉዞው በፊት ሥልጣናቸውን ለቀቁ።

በማግሥቱ የአረፋ በዓል ነበር። ሳዳት ጠዋት በአል-አቅሳ መስጊድ ሰገዱ፤ ከዚያም ክኔሴት ገብተው፣ የዐረቦችና የአይሁድ አባት የሆነው አብርሃም ለአምላኩ የታዘዘበት በዓል ከጉዞአቸው ጋር መግጠሙን አነሱ። ለመሽቆጥቆጥ ግን አልሄዱም። እስራኤል በ1967 ከያዘችው መሬት እንድትወጣ፣ የፍልስጤማውያንም መብት እንዲከበር እዚያው ፊት ለፊት ጠየቁ። ድፍረት የምለው ይህንን ነው።

ውጤቱ በ1978 የካምፕ ዴቪድ ስምምነት፣ በማርች 1979 ደግሞ የሰላም ውል ሆነ። (የካምፕ ዴቪዱ ድርድር ሲጀመር ካርተር፣ ቤጊንና ሳዳት፣ ማለትም አንድ ክርስቲያን፣ አንድ አይሁዳዊና አንድ ሙስሊም፣ ዓለም እንዲጸልይላቸው በጋራ መጠየቃቸው ዛሬ ብዙም አይወሳም።) የዐረብ ሊግ ግብፅን አግዶ ጽሕፈት ቤቱን ወደ ቱኒዝ አዛወረ።

የታሪኩ ሌላ ገጽ አገር ቤት ነው። ከስግደት የመጣ ምልክት በግንባራቸው ላይ የሚታየው ሳዳት “አማኙ ፕሬዚዳንት” መባልን ይወዱ ነበር። የናስር ደጋፊዎችንና ግራ ዘመሞችን ለማዳከም ሲሉ ለእስላማዊ ቡድኖች በየዩኒቨርሲቲው በሩን ከፈቱላቸው። ቡድኖቹ ግን የሰላሙን ውል ክህደት አሉት። በሴፕቴምበር 1981 ፕሬዚዳንቱ ከ1500 በላይ ሰዎችን፣ ሼኩንም ቄሱንም ጋዜጠኛውንም፣ አሳሰሩ። ለእኛ ቤተ ክርስቲያን ለብዙ ዘመናት ጳጳስ ስትልክ የኖረችው የእስክንድርያ መንበር ፓትርያርክ፣ አቡነ ሺኖዳ ሣልሳዊም፣ የመንግሥት ዕውቅና ተነሥቶባቸው በአስቄጥስ በረሃ ገዳም ታገቱ።

ኢየሩሳሌም ላይ የእምነታቸውን ዋጋ ራሳቸው ሊከፍሉ ቆርጠው ነበር፤ ካይሮ ላይ ግን ሌላው እንዲከፍል አደረጉ። እኔ በሁለቱ መካከል ትልቅ ልዩነት አያለሁ።

ኦክቶበር 6 ቀን 1981፣ የ1973ቱ ጦርነት መታሰቢያ ሰልፍ ላይ፣ በሃይማኖት ስም የተነሱ የራሳቸው ወታደሮች ገደሏቸው። ከጥቂት ቦታ በቀር ሲና በሙሉ ለግብፅ የተመለሰው በኤፕሪል 1982፣ እሳቸው ከሞቱ ከስድስት ወር በኋላ ነው። አቡነ ሺኖዳ ግን ወደ መንበራቸው ለመመለስ እስከ ጃንዋሪ 1985 መጠበቅ ነበረባቸው።