ለኮኬይን ሱስ ክኒን ለምን ጠፋ?

የሄሮይን ሱስ የያዘው ሰው ሐኪም ዘንድ ቢሄድ ሜታዶን ወይም ቡፕረኖርፊን ይታዘዝለታል። መጠጥ ላስቸገረውም ናልትሬክሶንና ዳይሰልፊራም አሉ። የኮኬይን ሱሰኛ ተራ ሲደርስ ግን የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ለዚህ ሱስ ብሎ ያጸደቀው አንድም መድኃኒት የለም። ሳይፈለግ ቀርቶ አይደለም፤ ፍለጋው ከተጀመረ ብዙ ዐሥርት ዓመታት አልፈዋል።

ችግሩ የሚጀምረው ኮኬይን አንጎል ውስጥ ከሚሠራው ሥራ ነው። ሄሮይን የሚያርፍበት ተቀባይ አለ፤ ሜታዶንም እዚያው ያርፍና ረዘም ላለ ሰዓት ይቆያል፤ ሰውየው ሳይሰክርም ሳይታመምም ሥራው ላይ ይውላል። ኮኬይን ግን ዶፓሚን ተመልሶ ወደ ነርቭ ሕዋሱ የሚገባበትን በር ነው የሚዘጋው። መመለሻ ያጣው ዶፓሚን ሲጠራቀም ምርቃናው ይመጣል። ያንኑ በር በሌላ መድኃኒት ልዝጋ ያለ ሐኪም፣ ሌላ አነቃቂ ሊያስለምድ ይችላል።

ስለዚህ ለሌላ በሽታ የተሠሩ መድኃኒቶች ተሞከሩ። የድባቴ መድኃኒት የሆነው ዴሲፕራሚን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ብዙ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። እንቅልፍን የሚያባርረው ሞዳፊኒልም እ.ኤ.አ. በ2005 በ62 ሰዎች ላይ ጥሩ ውጤት አሳይቶ፣ ብዙ ሰው በተካተተበት ጥናት ግን ተስፋው ተነነ።

ከሁሉ የሚያስቆጨው ክትባቱ ነው። የኮኬይን ቅንጣት በጣም ትንሽ ስለሆነች ሰውነት እንደ ጠላት አይቆጥራትም፤ ተመራማሪዎቹ ከኮሌራ ባክቴሪያ በተገኘ ፕሮቲን ላይ አጣበቋት። የሚፈጠረው አንቲቦዲ ኮኬይኑን ደም ውስጥ ይዞ ወደ አንጎል እንዳይሻገር ያደርጋል ተብሎ ታሰበ። እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው ጥናት በቂ አንቲቦዲ ያፈሩት ከተከተቡት 38 በመቶው ብቻ ነበሩ፤ እሱም ከጥቂት ወራት አልዘለለም። ቀጥሎ የመጣው 300 ሰው የተካተተበት ሙከራ የታሰበውን ሳያሳይ ቀረ።

የተሻለ ማስረጃ ያለው ዘዴ ክኒንም መርፌም አይደለም። በሽተኛው የሽንት ምርመራው ከኮኬይን ነጻ ሲሆን ዕቃ የሚገዛበት ኩፖን ይሰጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በቬርሞንት ዩኒቨርሲቲ ስቲቨን ሂጊንስና ባልደረቦቹ ሞክረው ውጤቱን አሳይተዋል። «ሱሰኛን ለምን እንሸልማለን?» የሚለው ተቃውሞ ግን ለዓመታት አንቆ ያዘው። ይኸው ውጤት በክኒን ቢገኝ ኖሮ ማንም እንዲህ ባልጠየቀ ነበር። ሽልማቱ ሲቆም ውጤቱ እየደከመ መሄዱ እውነት ነው፤ የደም ግፊት ክኒንም ሲያቋርጡት ግፊቱ ይመለሳል። ካሊፎርኒያ ዘዴውን ለድሆች በሚሰጠው የጤና መድን ውስጥ ማስገባት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው፤ ለአንድ ሰው በዓመት እስከ 599 ዶላር።