ስለ ወንዝ ውኃ ልክና ንጽሕና

የወንዝ ውኃ በጠርሙስ ቀድተው ወደ መሥሪያ ቤታችን በማምጣት «ይህ ውኃ ይጠጣልን?» ብለው የሚጠይቁን ሰዎች ብዙዎች ናቸው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን በጠርሙሱ ውስጥ ብቻ አይገኝም። ውኃው በተቀዳበት ቀን ወንዙ ምን ያህል ይወርድ እንደ ነበረ ካልታወቀ የምርመራው ውጤት ግማሽ ነገር ነው። ስለዚህ በዚህ ወር የወንዝን ልክና የወንዝን ንጽሕና ባንድነት መመልከት ለምን እንደሚያስፈልግ፥ የአዋሽን ተፋሰስ ምሳሌ አድርገን ለመግለጽ እንሞክራለን።

አዋሽ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ከግንጪ አካባቢ ደጋ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ፥ ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ጠረፍ በአቤ ሐይቅ የሚቀር ወንዝ ነው። የአዲስ አበባን እድፍ የተሸከሙት ትንሹ አቃቂና ትልቁ አቃቂ በአባ ሳሙኤል ግድብ ተገናኝተው ወደ እርሱ ይገባሉ። ከዚያም የሞጆ ወንዝ ውኃ ጭምር በ1952 ዓ.ም. ሥራውን በጀመረው በቆቃ ግድብ ይጠራቀማል። ከግድቡ በታች የወንጂና የመተሐራ የሸንኮራ አገዳ እርሻዎች፥ የአትክልት ማሳዎች፥ ከዚያም አልፎ ከብቱን ከወንዙ የሚያጠጣው የአፋር ሕዝብ አለ። እንግዲህ በላይ ወደ ቦይ የተለቀቀው ነገር ሁሉ በታች ሰው ይጠብቀዋል ማለት ነው።

የወንዝ ልክ የሚባለው በአንድ ሴኮንድ ውስጥ በአንድ ቦታ የሚያልፈው የውኃ ብዛት ነው። እንደ መልካ ቁንጡሬና እንደ ሆምቦሌ ባሉ የአዋሽ መለኪያ ቦታዎች የተለመደው አሠራር፥ ሜትርና ሳንቲሜትር የተጻፈበት ሰሌዳ በወንዙ ዳር ተክሎ ጧትና ማታ የውኃውን ከፍታ እያነበቡ በመዝገብ መጻፍ ነው። ከፍታው ግን ገና ልክ አይደለም። ባለሙያዎች ወንዙ ሲጎድልም ሲሞላም እየሄዱ ስፋቱን፥ ጥልቀቱንና ፍጥነቱን በመሣሪያ ከለኩ በኋላ፥ ይህን ያህል ከፍታ ይህን ያህል ሜትር ኩብ ነው የሚል ሰንጠረዥ ያዘጋጃሉ። ጎርፍ የወንዙን ወለል ሲቦረቡረው ወይም ደለል ሲሞላው ሰንጠረዡ ያረጃል፤ እንደ ገናም መለካት ያስፈልጋል። ያረጀ ሰንጠረዥ ጨርሶ ከማጣት ይብሳል እንላለን፤ ምንም የሌለው ሰው ቢያንስ አለማወቁን ያውቃልና።

የሳይንስ መምህር ይህን ለተማሪዎቹ ለማስረዳት ቢፈልግ አንድ ብርቱካን ይበቃዋል። ብርቱካን አብዛኛው አካሉ ጠልቆ ስለሚንሳፈፍ ነፋስ እምብዛም አይገፋውም። ቀጥ ብሎ በሚወርድ ጅረት ዳር 10 ሜትር ለክቶ ብርቱካኑን ይልቀቅና በሰዓት ይቁጠር። በ20 ሴኮንድ ቢደርስ በላይ ያለው ውኃ ፍጥነት በሴኮንድ ግማሽ ሜትር ነው። በወለሉና በዳሩ በኩል ያለው ውኃ ግን ስለሚዘገይ ይህን ቁጥር በ0.85 ማባዛት ልማድ ነው። ጅረቱ 6 ሜትር ስፋትና በአማካይ ግማሽ ሜትር ጥልቀት ቢኖረው፥ በሴኮንድ 1.3 ሜትር ኩብ ያህል፥ ይኸውም 1,300 ሊትር ገደማ ያልፋል። ሥራው ከዳር ሆኖ ይሠራ እንጂ ልጆቹ ወደ ውኃው አይግቡ። በክረምት ከጉልበት በላይ የደረሰ ፈጣን ውኃ ሰውን ይጥላል፤ በአዋሽ ሸለቆም ከውኃ ውስጥ የሚይዘው ቢልሐርዚያ አለ።

አሁን ወደ ጤናው ነገር እንመለስ። ከአንድ ከተማ ቦይ በሴኮንድ 50 ሊትር ቆሻሻ ወደ ጅረት ይወርዳል እንበል። በሚያዝያ ጅረቱ 100 ሊትር ብቻ ቢኖረው፥ ከቦዩ በታች ከሚቀዳው ከሦስቱ እንስራ አንዱ የቦይ ውኃ ነው። በነሐሴ ጅረቱ 10,000 ሊትር ቢሆን የቦዩ ድርሻ ከሁለት መቶ አንድ ያህል ብቻ ይሆናል። ቦዩ ግን ያው ነው፤ አንድም ሰው ቆሻሻውን አልቀነሰም።

እኛም ይህን በትምህርት ቤት ተምረነው ሳለ በሥራ ላይ ረስተነዋል። በሥራችን መጀመሪያ ዓመታት ከአንድ ጅረት በነሐሴ መጨረሻ ያስቀዳነውን ውኃ መርምረን፥ የተገኘው እድፍ ጥቂት ስለ ነበረ «የሚያሠጋ አይደለም» የሚል ወረቀት ጽፈን ሰጠን። ወረቀቱም በሠፈሩ መሰብሰቢያ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። በሚያዝያ የሠፈሩ ሕፃናት በተቅማጥ ታመው እኛ ለምርመራ ስንደርስ፥ እናቶች ከዚያው ጅረት ይቀዱ ነበር። ጅረቱ በአንድ እርምጃ የሚሻገሩት ሆኖ ነበር። ወረቀታችን ገና አልተነሣም፤ የወንዙ ልክም አልተጻፈበትም።

ይህን ስንል በክረምት ውኃው ንጹሕ ነው ማለታችን አይደለም። የበጋው ወራት በየሜዳውና በየቦዩ ያከማቸውን እዳሪ የመጀመሪያዎቹ ዝናሞች ባንድ ጊዜ ጠርገው ወደ ወንዝ ያወርዱታል። ስለዚህ ወንዙ መነሣት በጀመረባቸው ቀኖች ተሐዋስያን እጅግ ሊበዙ ይችላሉ። ሰሌዳው ላይ ከፍታው በድንገት ሲወጣ ያየ ሰው፥ ላቦራቶሪው ውጤት እስኪሰጥ ሳይጠብቅ ውኃ አፍልታችሁ ጠጡ ብሎ ጎረቤቱን ማስጠንቀቅ ይችላል።

ሌላም ስሌት አለ። በአንድ ሊትር ውስጥ ያለው ሚሊግራም በወንዙ ልክ ሲባዛ የወንዙ ሸክም ይገኛል። ለምሳሌ በሊትር 2 ሚሊግራም ናይትሮጅን የያዘ፥ በሴኮንድ 10 ሜትር ኩብ የሚወርድ ወንዝ በአንድ ቀን 1,728 ኪሎግራም፥ ማለት ከ17 ኩንታል በላይ ያወርዳል። በጠርሙስ ውስጥ ኢምንት የሚመስለው ነገር በቆቃ ሲጠራቀም ለእምቦጭና ውኃውን አረንጓዴ ለሚያደርጉት ረቂቃን ማዳበሪያ ይሆናል። ከነዚህ ረቂቃን አንዳንዶቹ ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ያወጣሉ፤ ይህንንም መርዝ ማፍላት አያጠፋውም።

ስለ ተሐዋስያን ምርመራ ባጭሩ እንናገር። በውኃ ውስጥ የታይፎይድን ወይም የኮሌራን ተሐዋሲ ለይቶ መፈለግ አድካሚ ስለ ሆነ፥ በሰውና በእንስሳ አንጀት የሚኖረው ኤሸሪኪያ ኮሊ ይፈለጋል። እርሱ ከተገኘ እዳሪ ወደ ውኃው ገብቷል ማለት ነው። በሚጠጣ ውኃ በ100 ሚሊሊትር ውስጥ አንድም እንዳይገኝ የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል።

ማፍላት ተሐዋስያንን ይገድላል። ነገር ግን ብዙ ሰው ሁሉን የሚያነጻ ይመስለዋል፤ ይህ ስሕተት ነው። ከቆዳ ፋብሪካ የሚወጣ ክሮም አይጠፋም። በስምጥ ሸለቆ ከርሠ ምድር ውኃ ጋር የሚወጣው ፍሎራይድም እንዲሁ ነው፤ ልኩ በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም ሲያልፍ የልጆችን ጥርስ ያበላሻል፥ እጅግ ሲበዛም አጥንት ይጎዳል። እንዲያውም ውኃው ሲተን የቀረው ይወፍራል። በመተሐራ አጠገብ ያለው የበሰቃ ሐይቅ ጨዋማና ፍሎራይድ የበዛበት ስለ ሆነ፥ ከእርሱ ወደ አዋሽ የሚለቀቀውን መጠን ለመወሰን አዋሽ ያን ጊዜ የሚወርደውን ልክ ማወቅ ግድ ነው።

እንግዲህ ውኃ ለምርመራ የምታመጡ ሁሉ ጠርሙሱን ከጤና ጣቢያ ተቀበሉ፤ የአረቄ ጠርሙስ ቢታጠብም አይሆንም። የክዳኑን ውስጥ በእጅ አትንኩ። ከዳር ከረጋው ሳይሆን ከሚወርደው ውኃ፥ የጠርሙሱን አፍ ወደ ወንዙ መምጫ አዙራችሁ ቅዱ። በበረዶ ወይም በቀዝቃዛ ነገር አድርጋችሁ ቢቻል በ6 ሰዓት ውስጥ፥ ቢዘገይም ሳያድር አድርሱ። በጠርሙሱ ላይ በምትለጥፉት ወረቀት ቦታውን፥ ቀኑን፥ ሰዓቱን ጻፉ፤ ባለፉት ሦስት ቀኖች ዝናም ዘንቦ እንደ ሆነም ጨምሩበት። ሰሌዳ ባለበት ወንዝ ከፍታውን በሳንቲሜትር፥ በሌለበት ደግሞ ብርቱካኑ 10 ሜትሩን በስንት ሴኮንድ እንደ ጨረሰና ጅረቱ ስንት ሜትር ስፋትና ጥልቀት እንዳለው አስፍሩ።