«ሬዲዮ» እና «ንፋስ ስልክ»፦ የሁለት ስሞች የዘር ሐረግ

የሬዲዮ ሞገድን ስናስተምር፣ ብዙዎቹ ተማሪዎቻችን የክብን ሬዲየስ፣ ሬዲየም የተባለውን ንጥረ ነገርና ሬዲዮን እንደማይተዋወቁ ቃላት በየፊናቸው ሸምድደው እንደሚመጡ እንታዘባለን። ሦስቱ ግን የአንድ እናት ልጆች ናቸው። እናታቸው «ራዲዩስ» የተሰኘችው የላቲን ቃል ስትሆን፣ ትርጓሜዋ በትር፣ እንዲሁም ከመንኮራኩር እምብርት ተነሥቶ ጠርዙን የሚደግፍ ዘንግ ማለት ነው። ሮማውያን ከፀሐይ የሚፈነጥቀውን ብርሃን በዚሁ ዘንግ መስለው ስለ ጠሩት ቃሉ «ጨረር» የሚል ትርጉም ደረበ። በጣሊያንኛ «ራጆ» ሆነ፤ ብዙ ቁጥሩም «ራጂ» ነው። እንግዲህ በሆስፒታል «ራጅ ተነሣሁ» የሚል ሰው ሳያውቀው የላቲን ዘር ያለው ቃል ይናገራል!

ሃይንሪሽ ኸርዝ እ.ኤ.አ. ከ1886 እስከ 1888 ባደረጋቸው ሙከራዎች የኤሌክትሮማግኔት ሞገድን መኖር ካረጋገጠ በኋላ፣ ያለ ሽቦ የሚላክ መልእክት እንደ ጨረር ከምንጩ ወደ ዙሪያው ስለሚሠራጭ «ሬዲዮ» ተባለ። እንግሊዞች ግን ለረጅም ጊዜ «ሽቦ አልባ» ማለትን መርጠው ነበር።

አባቶቻችን ደግሞ «ንፋስ ስልክ» አሉት። በደቡብ አዲስ አበባ የሚገኘው የንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ይህንኑ ቃል እስከ ዛሬ በስሙ ይዞ ይገኛል። «ስልክ» ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን በዚያ ቋንቋ «ሽቦ» ማለት ነው። እንግሊዙ ሽቦውን ከስሙ ሲያስወግድ፣ እኛ ሽቦውን ከነፋስ ሠራነው። ውብ ስም ነው እንላለን።

ፊዚክሱስ ምን ይላል? ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። መልእክታችንን ከአዲስ አበባ 5,900 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደምትርቀው ለንደን አየር ተሸክሞት ቢሄድ ኖሮ አምስት ሰዓት ያህል በፈጀበት ነበር። የሬዲዮ ሞገድ ግን በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ስለሚጓዝ 0.02 ሴኮንድ ይበቃዋል። አየርም አያሻውም፤ ባዶውን ጠፈር አቋርጦ ከሳተላይት ይደርሰናል። ሆኖም ተማሪ በዚህ አባቶቹን አይናቅ። የ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ሊቃውንትም ሞገዱ «ኤተር» በሚሉት ረቂቅ ነገር ውስጥ እንደሚሄድ ያምኑ ነበር። ማይክልሰንና ሞርሊ እ.ኤ.አ. በ1887 የኤተርን ነፋስ በብርሃን ሊለኩ ሞክረው አጡት።

የላቲኑም ስም ቢሆን ነቀፌታ አያጣም። የመንኮራኩር ዘንግ ቀጥ ያለ ነው፤ ምድር ግን ክብ ናት። አጭር ሞገድ እንደ ዘንጉ ቀጥ ብሎ ብቻ ቢጓዝ ኖሮ ለንደን ሳይደርስ ወደ ጠፈር ባመለጠ ነበር። ባሕር ተሻግሮ የሚሰማው፣ ከ100 እስከ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለው የአዮኖስፌር ንጣፍ አጉብጦ ወደ ምድር ስለሚመልሰው ነው።