ውሃን በስንዝር ቁልቁለት መምራት፦ የጥንት ሮማውያን የውሃ ቦይ እንዴት ይሠራ ነበር?

ልጆች፣ በደቡብ ፈረንሳይ በጋርዶን ወንዝ ላይ ባለ ሦስት ፎቅ የድንጋይ ድልድይ ቆሟል። ፖን ዱ ጋር ይባላል። ከፍታው 49 ሜትር ያህል ነው፤ ሮማውያን ከገነቡት ወደ 2,000 ዓመት ይጠጋዋል። ይህን ሁሉ ድንጋይ የካቡት ግን ውሃ ለማሻገር ነበር። በላይኛው ፎቅ አናት ላይ በተሠራው ቦይ ውሃው ወንዙን ተሻግሮ ኒም ወደምትባለው ከተማ ይሄድ ነበር።

ስለ ሮማውያን የውሃ ቦይ ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስበው እንዲህ ያለውን ድልድይ ነው። ሆኖም የቦዩ ጠቅላላ ርዝመት 50 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን የድልድዩ ድርሻ ግማሽ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። አብዛኛው ክፍል የተሠራው ከመሬት በታች ነው። ዋናውን ጥበብ ለማየት ስለዚህ ውሃውን ከምንጩ ጀምረን እንከተለው።

ምንጩ የሚገኘው ኡዜስ በምትባል ከተማ አጠገብ ነው። ከዚያ እስከ ኒም በቀጥታ ቢለካ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ታዲያ ቦዩ ለምን 50 ኪሎ ሜትር ሆነ? በመካከል ኮረብታ ስላለ ነው። ውሃ በራሱ ሽቅብ አይወጣም፤ በዚያ ዘመን ደግሞ ያን ያህል ውሃ የሚገፋ ሞተር አልነበረም። ስለዚህ ቦዩ ኮረብታውን እየዞረ፣ ሁልጊዜ ትንሽ ትንሽ እየወረደ መሄድ ነበረበት።

እዚህ ላይ ቁጥሩን ልብ በሉ። ምንጩ ከከተማው ከፍ የሚለው በ12 ሜትር ተኩል ገደማ ብቻ ነው። ይህን ለ50 ኪሎ ሜትር ብናካፍለው ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር የሚደርሰው 25 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከአዋቂ ሰው ስንዝር ብዙም አይበልጥም። ቁልቁለቱ ቢበዛ ውሃው እየተንደረደረ የቦዩን ወለል ይበላዋል፤ ከፍታውም መንገድ ላይ ያልቅና ከተማው ሳይደርስ ይቀራል። ቢያንስ ደግሞ ውሃው ይዘገያል፤ ደለልም ይሞላዋል።

ይህን ያህል ጥቃቅን ልዩነት በምን ለኩት? ከመሣሪያዎቻቸው አንዱ ኮሮባቴስ ይባል ነበር። ስድስት ሜትር ያህል የሚረዝም ባለ እግር የእንጨት ገበታ ነው። በጎኑ ቱንቢዎች ይንጠለጠሉበታል፤ የቱንቢው ክር እንጨቱ ላይ ከተጫረው መስመር ጋር ከገጠመ ገበታው ተስተካክሏል ማለት ነው። ነፋስ ክሩን ካወዛወዘው ደግሞ ገበታው አናት ላይ በተፈለፈለው ጎድጓዳ መስመር ውሃ ይሞላሉ። ውሃው የሁለቱን ጫፎች ከንፈር እኩል ከነካ ገበታው አልዘመመም። ዛሬ ግንበኞች በቱንቢና በውሃ ልክ የሚሠሩት ሥራም በዚሁ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው።

ልኬቱ ሲያልቅ መሬቱ ይቆፈራል፣ ግራና ቀኙ በድንጋይ ይገነባል። ውስጡን ኖራ ከተፈጨ ገል ጋር አቡክተው ይለስኑታል፤ ልስኑ ውሃ አያሳልፍም። ከዚያ ቦዩ ይከደናል። ክዳኑ ቆሻሻና የፀሐይ ሙቀት እንዳይደርስበት ይከላከላል። ለጽዳት የሚገባበት ጉድጓድም በየርቀቱ ይተዉለታል።

ሸለቆ ሲያጋጥም ድልድይ የግድ ይሆናል። የድልድዩን ቅስት ሲሠሩ መጀመሪያ ከእንጨት ግማሽ ክብ ደገፋ ያቆማሉ። ከታች ጠበብ፣ ከላይ ሰፋ ብለው የተጠረቡ ድንጋዮችን ከሁለቱም ወገን በደገፋው ላይ ይደረድራሉ። የመካከለኛው ድንጋይ ሲገባ ቅስቱ ይዘጋል፤ ደገፋውም ይነሳል። ድንጋዮቹ እርስ በርስ ስለሚገፋፉ ክብደቱ ወደ ጎንና ወደ ታች ይሄዳል፤ አንዱም አይወድቅም። የፖን ዱ ጋር የታችኛዎቹ ሁለት ፎቆች ያለ ኖራ የተካቡ ናቸው።

ውሃው ኒም ሲደርስ ክብ ገንዳ ውስጥ ይገባ ነበር። ገንዳው ዛሬም አለ፤ ውሃውን ወደ እርሳስ ቱቦዎች ያከፋፍሉ የነበሩት ክብ ቀዳዳዎቹም ይታያሉ።

የሮም ከተማ ራሷ የመጀመሪያውን ቦይ ያገኘችው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ312 ነው። አኳ አፒያ ይባላል፤ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ነበረው። በቀጣዮቹ 500 ዓመታት ገደማ የቦዮቿ ቁጥር 11 ደረሰ። ውሃው ለመታጠቢያ ቤቶችና ለአደባባይ ገንዳዎች ይከፋፈል ነበር። ብዙው ሕዝብ ከአደባባዩ ቀድቶ ይወስድ ነበር፤ በነገሥታቱ ዘመን ወደ ግል ቤት ለማስገባት ግን የንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር።

ግንባታው ሲያልቅ ሥራው አላለቀም። እ.ኤ.አ. በ97 የሮም ውሃ ኃላፊ ሆኖ የተሾመው ፍሮንቲነስ በጻፈው መጽሐፍ ቦዮቹን የሚጠብቁ 700 ያህል ሠራተኞች እንደነበሩ ይነግረናል። ሁሉም ባሪያዎች ነበሩ። የሮምን ታላቅነት ስናደንቅ የእነርሱን ድካም መዘንጋት የለብንም። ፍሮንቲነስ ቱቦ እየበሱ ውሃ የሚሰርቁትንም ይከታተል ነበር። የኒም ቦይ ደግሞ ሌላ ጠላት ነበረው። ውሃው ከምንጩ ይዞት የሚመጣው የኖራ ድንጋይ ግድግዳው ላይ እየተጋገረ ቦዩን ያጠበው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ537 ጎቶች የተባሉ ሕዝቦች ሮምን ሲከቡ ቦዮቹን ቆረጧቸው። አብዛኞቹም በጊዜ ብዛት ፈራረሱ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ19 የተሠራው አኳ ቪርጎ ግን በየዘመኑ የሚያድሰው አላጣም። የእርሱ ወራሽ የሆነው ቦይ ዛሬም በሮም ለታዋቂው የትሬቪ ፏፏቴ ውሃ ያደርሳል። ልጆች፣ የቦይ ዕድሜ የሚለካው በድንጋዩ ጥንካሬ ብቻ አይደለም። በመጀመሪያ በትክክል የለካው፣ ኋላም ሳይታክት የጠረገውና የጠገነው ሰው ነው ያኖረው።