ታማሚው ከኦፕራሲዮን ሲመለስ ድመቲቱ የት ትሂድ?

ታማሚ ከሆስፒታል ሊወጣ ነው ሲባል ቤተሰብ ከሁሉ በፊት የሚሯሯጠው ለአልጋውና ለሾርባው ነው። ፍራሹ ወደ ሳሎን ይወጣል፤ አንሶላው ይታጠባል፤ ጎረቤት ለዚያራ መምጣቱ አይቀርምና ቡና ይገዛል። ከዚያ አንድ ሰው ዘወር ይልና ምድጃ ዳር የተኛችውን ድመት ያያል። «ይህችንስ ምን እናድርጋት?» ብዙ ጊዜ መልሱ ፈጣን ነው። ጆንያ ይፈለግና ድመቲቱ ከሰፈር ርቃ ገበያ ዳር ትጣላለች። በሌላው ቤት ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል። «ድመት ነጃሳ አይደለችም» ይባልና ከታማሚው ብርድ ልብስ ሥር ገብታ ስትተኛ ማንም አይከለክላትም።

ሁለቱም ቤቶች ተሳስተዋል ብለን እናምናለን። ደግሞም የተሳሳቱት በአንድ ምክንያት ነው፤ ጠሃራንና የቁስልን ንጽሕና አንድ ነገር አድርገው በመውሰዳቸው።

ድመትን በተመለከተ ዑለማዎች የሚጠቅሱት ሐዲስ የመጣው ከቤት ውስጥ ኑሮ ነው። ሶሐባው አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ.) ወደ ልጃቸው ሚስት ወደ ከብሻ ዘንድ በገቡ ጊዜ የውዱእ ውኃ ቀዳችላቸው። በዚህ መሐል ድመት መጥታ ከዕቃው ልትጠጣ ስትል እርሳቸው ዕቃውን አዘነበሉላትና አጠጧት። ምራታቸው በመገረም ስትመለከታቸው፣ የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) ድመት ነጃሳ አለመሆኗንና በመካከላችን ከሚዘዋወሩት ፍጥረታት አንዷ መሆኗን መናገራቸውን ገለጹላት። ሐዲሱን ኢማም ማሊክ፣ አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበውታል።

ይህ ሐዲስ ድመት የጠጣችበት ውኃ ነጃሳ እንደማይሆን ይነግረናል። ስለ ተሰፋ ሆድ ግን የሚናገረው የለም። ጠሃራ ሰው ከጌታው ፊት ለሶላት የሚቆምበት ንጽሕና ነው፤ የቀዶ ሕክምና መቀስ በእንፋሎት የሚቀቀልበት ንጽሕና ደግሞ ሌላ መለኪያ አለው። ለዚህ ጥሩው ማስረጃ ሙስሊሙ ሐኪም ራሱ ነው። ዙህርን ሰግዶ በቀጥታ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ቢገባ ውዱኡ አልፈረሰም፤ ሆኖም እጁን እስከ ክርኑ በሳሙና ፈትጎ ታጥቦ ጓንት ካላጠለቀ በስተቀር ታማሚውን አይነካም። ይህን የሚያደርገው ውዱኡን ተጠራጥሮ አይደለም።

ድመት በአፏ ውስጥ ፓስቱሬላ የሚባል ባክቴሪያ ትይዛለች። በአብዛኞቹ ድመቶችና በብዙ ውሾች አፍ ውስጥ የሚኖር ሲሆን እነርሱን ምንም አያደርጋቸውም። በንክሻ፣ በቡጭሪያ ወይም በልሳት ወደ ሰው ቁስል ሲገባ ግን ብዙውን ጊዜ 24 ሰዓት ሳይሞላ ቦታው ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይጠዘጥዛል። ቁንጫ ያለባት ድመት፣ በተለይ ግልገሏ፣ ስትቧጭር ደግሞ ባርቶኔላ የተባለ ሌላ ባክቴሪያ ይተላለፍና በብብት ወይም በአንገት ሥር ያለ ዕጢ ያብጣል። ለጤነኛ ሰው ይህ ሁሉ አብዛኛውን ጊዜ በቀላሉ የሚታከም ነው። ኦፕራሲዮን ላደረገ ሰው፣ ይልቁንም የስኳር በሽታ ኖሮበት ቁስሉ ቶሎ ለማይደርቅ ሰው፣ ጉዳዩ ከዚህ ይከብዳል።

የተሰፋ ቁስል ላይኛው ቆዳ በአብዛኛው በ48 ሰዓት ውስጥ በስሱ ይገጥማል። እስከዚያ ድረስ ፋሻው ባይነካ ይመረጣል። ስፌቱ እንደ ቦታው ከ7 እስከ 14 ቀን ድረስ ይቆያል፤ ውስጠኛው ሥጋ የሚጠነክረው ግን በወራት ነው። ስለዚህ ቢያንስ ስፌቱ እስኪፈታ ድረስ እንስሳ ታማሚው ወደሚተኛበት ክፍል ባይገባ፣ አልጋውንም ባይረግጥ መልካም ነው። ቤቱ አንድ ክፍል ብቻ ከሆነ (የብዙዎቻችን ቤት እንዲህ ነው) ድመቲቱ ማታ ማታ ወደ ማድ ቤት ትውጣ፤ ቀንም አልጋው ከወለል ከፍ ይበል። ታማሚው ናፍቋት ቢደባብሳት ክልክል አይደለም፤ ከዚያ በኋላ እጁን በሳሙና ለ20 ሰከንድ ያህል ይታጠብ። ፋሻ የሚቀይረው ሰውም እንደዚሁ። እኛ ብዙ ጊዜ የምናየው ታማሚውን በዓይነ ቁራኛ የምትጠብቅ ሴት ልጅ ዶሮ አብልታ ስትመለስ በዚያው እጇ ፋሻውን ስታስተካክል ነው።

ሰው የማያስበው ሌላ ነገር የድመት ክብደት ነው። ያደገች ድመት ከ3 እስከ 5 ኪሎ ትመዝናለች። ሙቀት ስለምትወድ ከመስኮት ዘላ የምታርፈው ደግሞ በትክክል ሆድ ላይ ነው። ቡአ ለተሰፋላቸው አዛውንት ወይም በኦፕራሲዮን ለወለደች እናት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የዳሌ ወይም የእግር ስብራት ተጠግኖለት በክራንች ለሚሄድ ሰውም ከድመት ጥርስ ይልቅ የሚያስፈራው በእግሩ መሐል ስትሽሎኮሎክ አደናቅፋ እንዳትጥለው ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ካለ ብንጥላትስ? ምላሻችን አይሆንም ነው። አንደኛ፣ ድመት በሌለችበት ቤት አይጥ ይገባል፤ ሾርባና ዳቦ ከራስጌው ለማይጠፋ ታማሚ አይጥ ከድመት የከፋ ጎረቤት ነው። ሁለተኛ፣ የተጣለች ድመት ብዙ ጊዜ ከጥቂት ቀናት በኋላ ትመለሳለች፤ ስትመለስም ከሄደችበት ይልቅ ቆሽሻ፣ ቁንጫ ተሸክማ ነው። ሦስተኛው ግን ከሁለቱም ይበልጣል። ለዓመታት ከእጃችን ስትበላ የኖረች ፍጥረት አማና ናት።

እዚህ ላይ ከድመቲቱ ይልቅ የሚያሳስበን ግቢ ውስጥ በሰንሰለት የታሰረው ውሻ ነው። አባወራው በድንገት ትርፍ አንጀት ተብለው ሆስፒታል ሲገቡ ቤተሰቡ ሁሉ ወደዚያው ይነቅላል፤ በር ይቆለፋል፤ ውሻው ሁለት ቀን ያለ ውኃ ይውላል፣ ያድራል። ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት፣ ድመት በማሰቃየቷ ስለተቀጣችው ሴት የሚናገረው ሐዲስ ሁላችንም የምናውቀው ነው። የሴቲቱ ጥፋት እንስሳዋን አስራ አለመመገቧ፣ ለራሷ ፈልጋ እንድትበላም አለመልቀቋ ነበር። ጭንቀት ውስጥ ያለ ቤተሰብ ይህን የሚያደርገው በክፋት ሳይሆን በመርሳት ነው፤ የውሻው ጥም ግን ያው ጥም ነው። ኦፕራሲዮኑ በቀጠሮ የሚደረግ ከሆነ ታማሚው ከመግባቱ በፊት «ውሻውንና ዶሮዎቹን ማን ያበላል?» የሚለው ጥያቄ ስሙ የተጠራ አንድ ሰው ያግኝ። «እናንተ ታዩታላችሁ» ከተባለ ማንም አያየውም።

ስለ ውሻ ሌላው መነገር ያለበት ነገር ልሳቱ ነው። ውሻ የራሱን ቁስል እየላሰ ስለሚያድን ምላሱ ለሰውም መድኃኒት ነው የሚሉ ሰዎች አሁንም አሉ። ይህ አደገኛ ወሬ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለእብድ ውሻ በሽታ መጋለጥን በሦስት ደረጃ ሲከፍል የእንስሳ ምራቅ ክፍት ቁስል ላይ ማረፉን የመደበው ከንክሻ ጋር በአንድ፣ በከፍተኛው ደረጃ ነው። ይህ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል፤ ከምልክቱ በፊት ግን ክትባት አለው። ፓስተር ክትባቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ለአንድ ልጅ የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1885 ነው፤ ከዚያ ወዲህ በዚህ በሽታ ሰው መሞት አልነበረበትም። ስለዚህ ያልተከተበ ውሻ ወይም ድመት የታማሚውን ቁስል ቢልስ፣ ቢነክስ ወይም ቢቧጭር ቦታው ወዲያውኑ በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፤ በዚያኑ ቀን ወደ ጤና ተቋም ይኬድ። ለስፌቱ ሲባል አይታጠብም ብሎ መተው አይገባም። ውሻውንም በንዴት መግደል አይጠቅምም፤ ጤነኛ የሚመስል ከሆነ ለ10 ቀን ሳይጠፋ መከታተሉ ለሐኪሙ ትልቅ መረጃ ነው። በመኪና አደጋ ወይም በሌላ ምክንያት ጣፊያው የወጣለት ሰው ደግሞ ከውሻ አፍ ዕድሜ ልኩን መጠንቀቅ አለበት፤ ካፕኖሳይቶፋጋ የሚባለው የውሻ አፍ ባክቴሪያ ጣፊያ የሌለውን ሰው በፍጥነት ሊገድል ይችላል።

አሁን ደግሞ ጠሃራና ቁስል በእውነት ወደሚገናኙበት ቦታ እንምጣ። የውሻ ምራቅ በሻፊዒይ መዝሀብ ነጃሳ ነው፤ የነካው ነገር ሰባት ጊዜ ይታጠባል፤ ከሰባቱ አንዱም በአፈር ነው። ታዲያ የነካው የተሰፋ ቁስል ቢሆንስ? ፋሻውና ልብሱ በደንቡ መሠረት ሊታጠቡ ይችላሉ። ቁስል ላይ ግን አፈር አይደረግም፤ የመንጋጋ ቆልፍ ጀርም መኖሪያው አፈር ነውና። ጃቢር (ረ.ዐ.) ያስተላለፉትንና አቡ ዳውድ የዘገቡትን ታሪክ ማስታወስ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ጭንቅላቱ የተፈነከተ ሰው የጀናባ ትጥበት ባስፈለገው ጊዜ ባልንጀሮቹን ተየሙም ይበቃኝ እንደሆነ ብሎ ጠየቃቸው፤ አይፈቀድልህም አሉት፤ ታጠበና ሞተ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ይህን ሲሰሙ እጅግ ተቆጡ፤ ሳያውቁ ከመፍረድ ይልቅ ለምን አልጠየቁም አሉ። በፋሻ ላይ ስለ ማበስና ስለ ተየሙም በመዝሀቦች መካከል ልዩነት ስላለ ታማሚው ኡዝሩን ገልጾ የሚያምነውን ዓሊም ይጠይቅ። ቁስሉ ውኃ ይችል እንደሆነ የሚናገረው ግን ሐኪሙ ነው።

በኦፕራሲዮን የወለዱ እናቶች ስለ ድመት ሌላ ፍርሃት አለባቸው፤ ቶክሶፕላዝማ። ይህ በሽታ በዋነኛነት የሚያሰጋው በእርግዝና ጊዜ ነው፤ ሕፃኑ ከተወለደ በኋላ ድመትን በዚህ ምክንያት ማባረር ትርጉም የለውም። ድመት የምትጸዳዳበት አሸዋ በየቀኑ ከተጣለ ደግሞ ተዋህስያኑ ለመተላለፍ አንድ ቀንና ከዚያ በላይ ስለሚፈልጉ ጊዜ አያገኙም። እግረ መንገዳችንን እንጥቀሰው፤ ይኸው በሽታ በጥሬ ሥጋም ይተላለፋል። ክትፎ ሳይበስል የሚበላ ሰው ድመትን ሲከስ መስማት ያስቃል። ሕፃኑ ከተኛበት ቦታ ድመት መራቋ ግን በሌላ ምክንያትም የግድ ነው።

የዓይን ሞራ የተገፈፈላቸው አረጋውያን ደግሞ የሚፈሩት አቧራና ፀጉርን ነው፤ ዶሮ ሲራገፍ አጠገቡ አይቀመጡ፤ ድመት በነካ እጃቸውም ዓይናቸውን አይሹ። ጥሬ ለመበተን ጎንበስ ማለትም ሐኪሙ እስኪፈቅድ ይቅርባቸው።

ከሳምንታት በኋላ ስፌቱ ተፈቶ፣ መግልም ትኩሳትም ሳይኖር ሐኪሙ ቁስሉ ገጥሟል ሲል ድመቲቱ ወደ ሳሎን ትመለስ፤ ብዙ ጊዜ ሳትጠራም ትመጣለች። ከቡአ ወይም ከሆድ ኦፕራሲዮን የተነሳ ሰው በዚያን ጊዜ ዶሮዎቹን ማብላት ሊጀምር ይችላል፤ ቀላል ሥራ ነው፤ ከአልጋም ያስነሳል። በግ በገመድ መሳብና 20 ሊትር ውኃ የሞላ ጀሪካን ማንሳት ግን ብዙውን ጊዜ እስከ 6 ሳምንት ድረስ የልጆቹ ሥራ ሆኖ ይቆያል።