በሎዋር ወንዝ ዳር በብስክሌት
በፈረንሳይ አገር ካሉት ወንዞች ሁሉ በርዝመት የሚበልጠው፣ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ የሚገባው ሎዋር፣ ዛሬ በዳርቻው 900 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘልቅ የብስክሌት መንገድ ስላለው፣ ሥነ ፍጥረትንና የሰውን ጥበብ በአንድነት ለማየት ለሚሻ መንገደኛ እንደ ተገለጠ መጽሐፍ ነው።

መንገዱ አብዛኛው ሜዳ በመሆኑ ጉልበትን እምብዛም አያደክም፤ ከቱር ከተማ ወደ አምቧዝ የሚያቀና ሰውም በወንዙ ማዶ፣ በቩቭሬ፣ ነጩ የኖራ ድንጋይ ተፈልፍሎ የወይን ጠጅ ማኖሪያ ዋሻ የሆነበትን ገደል፣ ከበላዩም በመስከረም ወራት ፍሬው ጎምርቶ ለቀማ የሚጠብቀውን የወይን ቦታ ይመለከታል። አምቧዝ ደግሞ ዝነኛው ሠዓሊ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ የመጨረሻ ዘመኑን አሳልፎ፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1519 ዓ.ም. ያረፈባት ከተማ ናት።

ፈጣን መኪና የሚሰውረውን ይህን ሁሉ በረከት፣ ዝግተኛዋ ብስክሌት ለዓይንም ለልቡናም ትገልጠዋለች።